ኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያውን ያገኘዋል፤ የበዓሉ መብራቶች ግን አይታዘዙም

የከዚራው፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። በድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ፊት ላይ በኮምፒውተር የሚመራ የበዓል መብራት እየዘረጋን ነው። ሐሳባችን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚጓዘው ምእመን ከተማውን በሚሞላበት በታኅሣሥ 18 ምሽት መብራቱን መጀመር፣ ከዚያም ገናን አልፎ እስከ ጥምቀት እንዲቆይ ማድረግ ነው። የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራው ስለሆነ ቀኑ እንዳያልፍብን እጅግ አሳስቦናል።

መብራቱ 600 አምፖሎች አሉት። እያንዳንዱ አምፖል ደብልዩ.ኤስ 2811 የሚባለውን ቺፕ ስለያዘ ቀለሙን ለብቻው ይለውጣል። አምፖሎቹ በ5 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ መስመር 150 ሆነው ከመቆጣጠሪያው አራት መውጫዎች ጋር ተገናኝተዋል፤ ሁለቱ መስመሮች በበረንዳው ጠርዝና በመስኮቶቹ ዙሪያ፣ ሁለቱ ደግሞ በደጃፉ ዛፎች ላይ ናቸው። መቆጣጠሪያውና ላፕቶፑ ኢንተርኔት በማይገባበት አንድ ትንሽ ራውተር ላይ በኬብል ተሰክተዋል፤ ራውተሩም ለመቆጣጠሪያው 192.168.1.50፣ ለላፕቶፑ 192.168.1.10 የሚል አድራሻ ሰጥቷቸዋል። ላፕቶፑ ከዚህ ሌላ በዋይፋይ ከተንቀሳቃሽ የኢንተርኔት መሣሪያ ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ በዚያ በኩል አድራሻው በ192.168.8 ይጀምራል። የብርሃኑን ቅንብር የሠራነው ኤክስላይትስ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ወደ መቆጣጠሪያው የሚላከውም ኢ1.31 በሚባለው ደንብ፣ በመልቲካስት ነው።

ወደ መቆጣጠሪያው ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አጭር መልእክት) ስናደርግ ያለ ምንም መቆራረጥ መልስ ይመጣል፤ የራሱ ገጽም በብራውዘር ይከፈታል። ከዚያው ገጽ ላይ የሙከራ ቀለም ስናዝዝ 600ውም አምፖሎች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሆናሉ። ከኤክስላይትስ ወደ መብራቱ መላክ ስንጀምር ግን አንድም አምፖል አይበራም፤ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ኬብሉን ቀይረናል፤ ፕሮግራሙንም አጥፍተን እንደገና ጭነናል። ለውጥ የለም። ከየት መጀመር እንዳለብን የምታውቁ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

ሐረር_ኔትወርክ፦

ወንድማችን የከዚራው፣ ችግሩን በዚህ መልክ ዘርዝረው ማቅረብዎ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። ሌላ ነገር ከመቀየርዎ በፊት፣ እስካሁን ያደረጓቸው ሙከራዎች ምን እንዳረጋገጡ አብረን እንመልከት። የሙከራው ቀለም በሁሉም አምፖሎች ላይ መታየቱ ከመቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው አምፖል ያለው መስመር፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ጭምር፣ ደኅና መሆኑን ያሳያል። የፒንጉ መልስና የገጹ መከፈት ደግሞ ኬብሉ፣ ራውተሩና አድራሻዎቹ ትክክል መሆናቸውን ይመሰክራሉ። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ኤክስላይትስ ከሚልክበት ቦታ ተነሥቶ መቆጣጠሪያው እስከሚሰማበት ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ አምፖሎቹንና ኬብሎቹን ባይነኳቸው ይመረጣል።

እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ ሁለት መንገድ ያለው መሆኑን ነው። ፒንግ የሚላከው ለአንድ ለተወሰነ አድራሻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ 192.168.1.50ን ሲያይ በኬብሉ በኩል መሄድ እንዳለበት ያለ ጥርጥር ያውቃል። የኢ1.31 መልቲካስት ግን የሚላከው በ239.255 ለሚጀምር የጋራ አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ ዩኒቨርስ 1 የሚባለው ክፍል ወደ 239.255.0.1 ይሄዳል። ፒንግ በስም ተጠርቶ እንደሚሰጥ መልእክት ከሆነ፣ መልቲካስት ገበያ መሃል ቆሞ እንደሚለፍፍ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ አዋጅ ነጋሪው የቆመው በሌላ ገበያ ከሆነ የእርስዎ ሰው አይሰማውም። ላፕቶፑ ይህን የጋራ አድራሻ በዋይፋዩም ሆነ በኬብሉ ሊልከው ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠውም በራሱ የቅድሚያ ስሌት ነው። ዋይፋዩን ከመረጠ መረጃው በሙሉ ወደ ኢንተርኔት መሣሪያው ሄዶ ይጠፋል። ላኪው መድረስ አለመድረሱን የማይጠይቅበት የዩዲፒ መልእክት ስለሆነም የስህተት ማስጠንቀቂያ አይመጣም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዋይፋዩን ብቻ ያጥፉ፤ ሌላ ምንም ሳይነኩ እንደገና ይላኩ። መብራቱ ከታዘዘ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። በብዙ መቆጣጠሪያዎች ገጽ ላይ የደረሱትን ፓኬቶች የሚቆጥር ቦታ ስላለ እሱንም ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከቆመ ምንም እየደረሰ አይደለም፤ ቁጥሩ እየጨመረ መብራቱ ካልበራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ቅንብሩ እንመለሳለን።

መጋላ_ኮምፒውተር፦

በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ስለሆንኩ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያገኝ የሕዝብ ነው ብሎ መመደብ ይቀናዋል፤ በዚህ ጊዜ ፋየርዎሉ፣ ማለትም የኔትወርክ መከላከያው፣ ጥብቅ ይሆናል። ኢንተርኔት የሌለው ራውተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማንነቱ ያልታወቀ ኔትወርክ ተብሎ በዚያው ምድብ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ፋየርዎሉን ለጊዜው ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ቢሞክሩት መልካም ይመስለኛል።

ሐረር_ኔትወርክ፦

ወንድሜ መጋላ ኮምፒውተር፣ ስለ ኔትወርኩ ምድብ ያነሡት ትክክል ነው። ሆኖም የዊንዶውስ ፋየርዎል በራሱ መነሻ ቅንብር የሚከለክለው ሳይጠራ ከውጭ የሚገባውን ነው፤ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ያሳልፋል። የመብራቱ መረጃ የሚወጣ እንጂ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ፋየርዎሉ ኤክስላይትስ መቆጣጠሪያዎችን በራሱ ፈልጎ እንዳያገኝ ሊያግደው ይችላል፤ የተላከውን ብርሃን ያስቀራል ብዬ ግን አልገምትም። ልዩነት የሚፈጥረው በላፕቶፑ ላይ ለብቻው የተጫነ ፀረ ቫይረስ ካለ ነው፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ፋየርዎል ይዘው ስለሚመጡ የሚወጣውንም ያግዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ እንኳ መከላከያውን ጨርሶ ከማጥፋት ይልቅ ለኤክስላይትስ ብቻ ፈቃድ መስጠት ይሻላል፤ በበዓል ሰሞን ስንት ፍላሽ እየተሰካበት መከላከያ የሌለው ላፕቶፕ መተው ተገቢ አይደለም።

ከግምት መውጣት ለሚፈልግ ዋየርሻርክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ከፍተው የኬብሉን መገናኛ ይምረጡና በዩዲፒ ፖርት 5568 የሚወጣ ነገር መኖሩን ይመልከቱ፤ ቀጥሎም በዋይፋዩ ላይ ያንኑ ይድገሙ። መረጃው በየትኛው በኩል እንደሚወጣ በዓይንዎ ያዩታል።

የከዚራው፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ዋይፋዩን እንዳጠፋነው መብራቱ ወዲያውኑ ታዘዘ። በዋየርሻርክም አይተነዋል፤ ዋይፋዩ ሲበራ የፖርት 5568 መረጃ በሙሉ በዚያ በኩል ይወጣል፣ በኬብሉ በኩል አንድም አይታይም። አሁን ግን የቀረን ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ኢንተርኔቱም ስለሚያስፈልገን ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላልን? ሁለተኛ፣ መብራቱ የታዘዘው በሙሉ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር 150 አምፖሎች በሙሉ በርተው፣ ከሁለተኛው መስመር 20 ብቻ በርተዋል፤ የዛፎቹ መስመሮች ጨርሶ ጨለማ ናቸው። ሁለተኛው መስመር 20ኛው አምፖል ላይ ተበላሽቷል እንዳንል፣ የመቆጣጠሪያው የራሱ ሙከራ እስከ ዳር ያበራዋል።

ሐረር_ኔትወርክ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከመልቲካስት ወደ ዩኒካስት፣ ማለትም ለአንድ አድራሻ ብቻ ወደ መላክ፣ መቀየር ነው። በኤክስላይትስ የመቆጣጠሪያዎች ዝርዝር ውስጥ 192.168.1.50ን ራሱን መድረሻ አድርገው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ መረጃው ፒንጉ የሄደበትን መንገድ ስለሚከተል ዋይፋዩ ቢበራም አይሳሳትም። ይህ የሚሠራው የሁለቱ ኔትወርኮች አድራሻ የተለያየ እስከሆነ ድረስ ነው። አንዳንድ ሰው በሁለቱም በኩል 192.168.1 ይሆንበትና ኮምፒውተሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይምታታበታል፤ የእርስዎ 1 እና 8 ስለሆኑ በዚህ ረገድ ስጋት የለም። ሁለተኛውን ጥያቄ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁት አሉና ለእነርሱ ልተወው።

የመድረክ_መብራት፦

150 እና 20 ሲደመሩ 170 ይሆናሉ፤ ይህ ቁጥር በእኛ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ኢ1.31 በኔትወርክ የሚያጓጉዘው በ1986 ለመድረክ መብራቶች የወጣውን ዲኤምኤክስ 512 የሚባል ደንብ ነው፤ በዚያ ደንብ አንድ ዩኒቨርስ የሚይዘው 512 ቻናል ብቻ ነው። አንድ አምፖል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ቻናል ስለሚፈልግ 512 ለ3 ሲካፈል 170 አምፖል ይሆንና ሁለት ቻናል ይተርፋል። 171ኛው አምፖል ወደ ቀጣዩ ዩኒቨርስ መሻገር አለበት። የእርስዎ 600 አምፖሎች 1800 ቻናል ስለሆኑ አራት ዩኒቨርስ ያስፈልጋቸዋል፤ ሦስቱ በ170 ይሞላሉ፣ አራተኛው 90 ይይዛል። ከሚነግሩን ነገር የምረዳው ከሁለቱ በአንዱ በኩል፣ በላኪው ወይም በተቀባዩ፣ አንድ ዩኒቨርስ ብቻ መመዝገቡን ነው።

በኤክስላይትስ ከ1 እስከ 4 ያሉ ዩኒቨርሶችን እያንዳንዳቸው 510 ቻናል አድርገው ያስገቡ፤ በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይም ያንኑ፣ በዚያው ቁጥርና በዚያው መጠን፣ ይመዝግቡ። መጠኑን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ወገን 510፣ ሌላው 512 ብሎ ከተመዘገበ መብራቱ ሁሉ ይበራል፤ ነገር ግን ከ171ኛው አምፖል ጀምሮ ቀለሙ ይዛነፋል፤ ቀይ ያዘዙት በሌላ ቀለም ይወጣል። ሰው ያን ጊዜ የአምፖሉ የቀለም ቅደም ተከተል ተሳስቷል ብሎ ያንን ሲቀያይር ደኅና የነበሩትን የመጀመሪያዎቹን 170 ያበላሻል። እንዲሁም ወደፊት ኢ1.31ን ትተው አርትኔት በሚባለው ሌላ ደንብ ለመላክ ቢፈልጉ፣ እዚያ የዩኒቨርስ ቁጥር ከ0 ሊጀምር እንደሚችል፣ በኢ1.31 ግን ከ1 እንደሚጀምር ያስታውሱ፤ በአንድ ቁጥር መፋለስ ብቻ ቅንብሩ ሁሉ ከቦታው ይንሸራተታል።

የከዚራው፦

በመቆጣጠሪያው በኩል አንድ ዩኒቨርስ ብቻ ተመዝግቦ ነበር። አራቱንም በ510 አስገብተን 600ው አምፖሎች በሙሉ ከቅንብሩ ጋር ሄዱ። ዛፎቹ ሲበሩ ያየ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ነበር፤ ለምላሻችሁ ያለኝን ምስጋና በቃል ልገልጸው አልችልም።

ሆኖም ዛሬ ማምሻውን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግንኙነቱ እንደገና ተቋረጠ። አሁን 192.168.1.50 ለፒንግ መልስ አይሰጥም። የራሱ የሙከራ ቁልፍ ሲጫን ግን አምፖሎቹ ስለሚበሩ መቆጣጠሪያው ሕያው ነው። በዛፎቹ ላይ ያሉት መስመሮች ጫፍ ላይ ነጭ ስናዝዝ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም እናያለን፤ ይህም ከግንኙነቱ ጋር የተያያዘ ይሁን አይሁን አልገባንም።

ሐረር_ኔትወርክ፦

192.168.1.50ን የሰጠው ራውተሩ እንደሆነ በመጀመሪያ ጽፈውልን ነበር። መብራት ሲመለስ መቆጣጠሪያው በጥቂት ሴኮንዶች ይነሣል፤ ራውተሩ ግን ብዙ ይዘገያል። መቆጣጠሪያው አድራሻ ሲጠይቅ የሚሰጠው ስለማያገኝ፣ አንዳንዱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ቆይቶ እንደገና ይጠይቅና ሌላ ቁጥር ይቀበላል። ኤክስላይትስ ደግሞ አሁንም የሚልከው ወደ ቀድሞው ቁጥር ነው። ለዛሬ መቆጣጠሪያውን ብቻ አጥፍተው ያብሩት፤ ከዚያም በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍተው አዲሱን አድራሻ ይፈልጉ።

ዘላቂው መፍትሔ ግን በመቆጣጠሪያው በራሱ ላይ ቋሚ አድራሻ መጻፍ ነው። ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድላቸው ክልል ውጭ መሆን አለበት። ለምሳሌ ራውተሩ ከ100 እስከ 199 የሚያድል ከሆነ 192.168.1.50 ራሱ ነፃ ነው፤ ከ2 ጀምሮ የሚያድል ከሆነ ግን ክልሉን አጥብበው ለመቆጣጠሪያው ቦታ ይልቀቁለት፤ አለዚያ አንድ ቀን ያንኑ ቁጥር ለሌላ ስልክ ይሰጥና ሁለቱ ይጋጫሉ። ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0 ያድርጉት። ለላፕቶፑም የኬብል መገናኛ እንዲሁ ቋሚ ቁጥር ይስጡት፤ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣው በር) የሚለውን ቦታ ግን ባዶ ይተዉት፤ በዚህ በኩል ኢንተርኔት ስለሌለ መሙላቱ የኢንተርኔቱን መንገድ ያደናግራል እንጂ አይጠቅምም።

ራውተሩና መቆጣጠሪያው የሚፈጁት ኃይል በጣም ጥቂት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ሁለቱን ብቻ ቢይዝ ይመረጣል። አምፖሎቹን በዩፒኤሱ ላይ አይጫኑ።

ሳቢያን_ኤሌክትሪክ፦

ስለ ቢጫውና ቀዩ ቀለም እኔ ልመልስ፤ ይህ የኮምፒውተር ግንኙነት ጉዳይ አይደለም። ነጭ ብርሃን ሦስቱንም ቀለሞች አንድ ላይ ስለሚያበራ ከፍተኛውን ኃይል ይፈልጋል፤ አንድ የ5 ቮልት አምፖል በሙሉ ነጭ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይስባል። 600ው ሲደመሩ 36 አምፔር፣ ማለትም 180 ዋት ይሆናሉ። ያን ያህል ኃይል በቀጭን ሽቦ ረጅም ርቀት ሲሄድ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ በቅድሚያ የሚደክሙት ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው፤ ቀይ በአነስተኛ ቮልቴጅ ስለሚበራ ብቻውን ይቀራል። በቴስተር ከመስመሩ መጀመሪያና ጫፍ ቮልቴጁን ነጭ በርቶ እያለ ይለኩ። ጫፉ ላይ ከ5 ቮልት በእጅጉ ወርዶ ካገኙት፣ ወፈር ያለ ሽቦ ከፓወር ሰፕላዩ አውጥተው በመስመሩ መሃልና ጫፍ ላይ ኃይል ይጨምሩለት። ከአንድ በላይ ፓወር ሰፕላይ ከተጠቀሙ የሁለቱን ፕላስ አያገናኙ፤ ማይነሱ ግን የግድ የጋራ መሆን አለበት፤ ማይነሱ ካልተገናኘ የመረጃው ምልክት መነሻ ያጣና አምፖሎቹ ያለ ሥርዓት ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ከዚህ ይልቅ ፈጣኑ መላ ብርሃኑን መቀነስ ነው። በኤክስላይትስ ወይም በመቆጣጠሪያው ላይ 30 በመቶ ቢያደርጉት በሌሊት ለዓይን ምንም አይጎድልም፤ እንዲያውም ቀለሙ ይጠራል። በድሬዳዋ ሙቀት ፓወር ሰፕላይን በቆርቆሮ ሥር ዘግቶ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ አየር የሚያገኝ፣ ውሃ ግን የማይደርስበት ቦታ ይፈልጉለት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ ፓወር ሰፕላዮቹን አይሰኩ፤ የመጀመሪያው ኃይል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

የጀጎል_ልጅ፦

ይህን ክር ከመጀመሪያው ስከታተል ቆይቻለሁ። እኛ ደግሞ በሐረር ለሹዋልኢድ ተመሳሳይ ነገር አስበናል። ከስድስቱ የጾም ቀናት በኋላ የሚመጣው ይህ በዓል በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ እንግዳው ስለሚበዛ፣ በጀጎል ውስጥ ያለ አንድ ግቢ በብርሃን ለማስጌጥ ፈልገን ነው። ችግራችን ኮምፒውተሩ ከሚቀመጥበት ቤት እስከ ግቢው ጠባብ መንገድና ብዙ የድንጋይ ግድግዳ መኖሩ ነው። ኬብል መዘርጋት ይሻላል ወይስ ደብልዩኤልኢዲ የሚባለው የመብራት ፕሮግራም በተጫነባቸው አነስተኛ የዋይፋይ መቆጣጠሪያዎች መጠቀም?

ሐረር_ኔትወርክ፦

እህታችን፣ ጎረቤትዎ እንደመሆኔ በዚህ ላይ በአካልም ተገኝቼ ብረዳ ደስ ይለኛል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያስተማምናል፤ ከዚያ ካለፈ በመካከል ስዊች ያስፈልጋል። ሁለቱ ቤቶች ከተለያየ ቆጣሪ ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ከሆነ ግን በመሃላቸው የመዳብ ኬብል ባይዘረጋ እመርጣለሁ፤ በመሬት መስመራቸው መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት፣ በዝናብ ወቅትም በአካባቢው የሚወድቅ መብረቅ፣ በኬብሉ በኩል ሁለቱንም ወገን ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ ጊዜ የፋይበር ገመድና በሁለቱ ጫፍ የሚሰኩ መለወጫዎች ይሻላሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የጀጎልን ግንብና የቆዩ ግድግዳዎች አትብሱ፤ ምስማርም አትምቱባቸው። ጀጎል የሁላችን ቅርስ ነው፤ ገመዱን በግቢው ውስጥ ባሉ እንጨቶችና በጣሪያ ጠርዞች ላይ ማሰር ይቻላል።

ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የዋይፋይን ኃይል ክፉኛ ያዳክማል። ስለዚህ ዋይፋይን ከመረጡ ራውተሩ መቆጣጠሪያዎቹ ባሉበት በዚያው ግቢ ውስጥ፣ በግልጽ በሚተያዩበት ቦታ ይቀመጥ። በእነዚህ አነስተኛ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ በብዛት ያሉት ቺፖች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ የተከፈተ ራውተር አያዩም። በራውተሩ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ የሚከለክል ቅንብር ካለ ይጥፋ። መልቲካስት ደግሞ በዋይፋይ ላይ ፈጽሞ አይሁን፤ በዋይፋይ መልቲካስት በዝቅተኛው ፍጥነት ይላካል፣ የጠፋው ፓኬትም አይደገምም፤ ብርሃኑ እየተንጠባጠበ ይሄዳል። በዩኒካስት ግን ለ600 አምፖል እንኳ፣ አራት ዩኒቨርስ በሴኮንድ 40 ጊዜ ቢላክ፣ ከ1 ሜጋቢት ብዙም የማይርቅ መረጃ ነው፤ ዋይፋዩ ጤነኛ ከሆነ ይሸከመዋል። በደብልዩኤልኢዲ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ዩኒቨርስ ቁጥርና የቻናል አጠቃቀሙ ከላኪው ጋር መስማማቱን አይርሱ፤ የመድረክ መብራት ያስረዱት የ170 ስሌት እዚያም ይሠራል።

የከዚራው፦

ለሚከተሉን እንዲጠቅም አሁን ያለንበትን ልጻፍ። መቆጣጠሪያው በቋሚ አድራሻ 192.168.1.50፣ ላፕቶፑ በቋሚ አድራሻ 192.168.1.10 ያለ ጌትዌይ፤ ኢ1.31 በዩኒካስት፣ ከ1 እስከ 4 ዩኒቨርስ፣ እያንዳንዱ 510 ቻናል። ብርሃኑ 30 በመቶ ላይ ነው። በዛፎቹ መስመር ጫፍ ላይ ተጨማሪ የኃይል ሽቦ ጨምረን ነጩ ነጭ ሆኗል። መብራት ሆን ብለን አጥፍተን መልሰናል፤ ግንኙነቱ በራሱ ተመልሷል።

አንድ የቀረን ጥያቄ አለ። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለበትን? ትናንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብርሃኑ ባለበት ደርቆ ተገኝቷል።

ሐረር_ኔትወርክ፦

ብርሃኑ ባለበት መድረቁ ላፕቶፑ መተኛቱን ያመለክታል፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎች መረጃ ሲቋረጥባቸው የመጨረሻውን ቀለም ይዘው ይቆያሉ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ ባትሪውም ሆነ ሶኬቱ ላይ ሳለ እንዳይተኛ፣ ክዳኑ ሲዘጋም ምንም እንዳያደርግ ያዝዙት። ቀጥሎ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፍተው በኬብሉ መገናኛ ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን መሣሪያ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ መገናኛ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የዊንዶውስ ዝማኔም መብራቱ በሚታይባቸው ሰዓታት ኮምፒውተሩን ዳግም እንዳያስነሣ ሰዓቱን ይወስኑለት።

ላፕቶፑን ለሌላ ሥራ ከፈለጉት ደግሞ ራስበሪ ፓይ በሚባል አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፋልከን ፕሌየር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኤክስላይትስ ያዘጋጀውን የቅንብር ፋይል በሜሞሪ ካርድ ይዞ፣ በተያዘለት ሰዓት ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል፤ ወደ 192.168.1.50 የሚልከውም አሁን ላፕቶፑ በሚልክበት በዚያው መንገድ ስለሆነ በመቆጣጠሪያው ላይ የሚቀየር ነገር የለም። ከታኅሣሥ 18 በፊት ግን ወደዚያ አይሻገሩ፤ አሁን የሚሠራውን ይዘው በዓሉን ይዋሉ፤ ከገና በኋላ እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ተረጋግተው ይሞክሩት።